በገዛ እጄ ያፈረስኩትን ግድግዳ መልሼ ስለማልገነባበት ምክንያት

ለሰሜን ሸለቆ አውራ ጎዳናዎች ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት
ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለክቡር ኢንጂነር ሩቤን ኢስካላንቴ
ሳን ኢሊያስ፣ ኮስታሪካ

ቀን፦ ሰኔ 11 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

አመልካች፦ ኤርሚንያ ባዲያ ኬሳዳ፣ የላ ቡዌልታ መንደር ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የምግብ ቤቴን ግንባር መልሼ እንድገነባ የተሰጠኝ ትእዛዝ እንዲነሣልኝና የላ ቡዌልታ ኩርባ ጉዳይ ከእንግዲህ በጥናት እንዳይጓተት ስለመጠየቅ

ክቡር ኢንጂነር፣

1. እኔ አመልካች ከሳን ኢሊያስ ወደ ወደቡ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ዳገቱ አልቆ መንገዱ ከሚታጠፍበት ቦታ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቼ የምኖር ሴት ነኝ። ባለቤቴ ኤላዲዮ የሞተው ታሞ፣ በአልጋው ላይ፣ እጁን ይዤው ነው። ይህን የምጠቅሰው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። በዚህ መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው በአልጋው መሞት ዕድል መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ እንዲያውቀው ብዬ ነው።

2. ባለፈው ሳምንት አንድ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ መጥቶ ሩዝ በባቄላ ከተጠበሰ ሙዝ ጋር አዘዘ። ጥርግ አድርጎ በላና፣ “እጅዎ ይባረክ፣ ዶኛ ኤርሚንያ” አለኝ። ከዚያ ከቦርሳው ደብዳቤ አውጥቶ ከባዶው ሳህን አጠገብ አስቀመጠልኝ። ደብዳቤው “በመንገድ ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ ያፈረሱትን የሕንፃ ግንባር በአስቸኳይ ወደነበረበት እንዲመልሱ” ይላል። ካልመለስኩ በሕግ እንደምጠየቅም ይነግረኛል። “ይህ ምን ማለት ነው?” ብዬ ጠየቅኩት። “እኔ አድራሽ ነኝ እንጂ ጸሐፊው አይደለሁም” አለኝና የሞተር ሳይክል የራስ ቁሩን አጥልቆ ሄደ። ከጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች ጋር ያደረግኩት ንግግር ሁሉ የሚያልቀው በዚሁ መልክ ነው።

“በመንገድ ክልል ውስጥ” የሚለውን ሐረግ ደጋግሜ አነበብኩት። ኤላዲዮ በሕይወት ሳለ፣ አንድ ከባድ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት በረንዳችንን ይዞት ከገባ በኋላ፣ በቤታችን ፊት የብረት አጥር እንዲደረግልን አመልክተን ነበር። ያን ጊዜ የተሰጠን መልስ “ቤታችሁ ከመንገድ ክልል ውጭ ስለሆነ ጽሕፈት ቤቱን አይመለከተውም” የሚል ነው። ቤቴ ከዚያ ወዲህ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እንግዲህ ጥበቃ ስጠይቅ ከክልሉ ውጭ ነኝ፣ ስቀጣ ግን ክልሉ ውስጥ ነኝ ማለት ነው። ክቡርነትዎ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

3. መንገዱን ከቢሮዎ ሆነው በካርታ ላይ ያውቁታል። እኔ የማውቀው በመስኮቴ ነው። ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ መውጫ፣ አንዱ መውረጃ። በአንድ ወገን ገደል አለ፣ በሌላው ወገን እኛ አለን። አናናስ የጫኑ ተሳቢዎች ወደ ወደቡ የሚሄዱት በዚሁ ነው። ዳገቱን ሲጀምሩ ያቃስታሉ፤ የሰው እርምጃ ይቀድማቸዋል። ከኋላቸው አውቶቡሱ፣ የወተት መኪናው፣ ታማሚ የጫነው፣ ሥራ የረፈደበት፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ሁሉም ይሰለፋል። እግረኛ የሚሄድበት ጥግ የለም። ሹፌሮቹ ከታች ጀምሮ ሲቃጠሉ ቆይተው እኔ ቤት አጠገብ ሲደርሱ ትዕግሥታቸው ያልቃል። ደርበው የሚወጡትም እዚያው፣ ከፊታቸው የሚመጣውን ማየት በማይችሉበት ኩርባ ላይ ነው።

4. ስለ ዮርሌኒ ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ።

የታናሽ ወንድሜ የኤቬሊዮ ቤት ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋ የእንጨት ቤት ነው። ኤቬሊዮ ጎሚስታ ነው፤ ፊት ለፊት ጎማ ይጠግናል፣ ከኋላ ይኖራል። ሚስቱ ትታው ከሄደች ወዲህ የሚኖረው ከአንድያ ልጁ ከዮርሌኒ ጋር ነበር። እሷ በአናናስ ማሸጊያው ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ተጫዋች ነበረች። ምግብ ቤቴ ስትገባ ወንበር ካጣች ከደንበኛ ጀርባ ቆማ፣ “አክስቴ፣ እኚህ ሰውዬ ከጨረሱ ቆይተዋል፣ ጥለው እንዳይሮጡ ሂሳብ አምጪላቸው” ትል ነበር። ሰውየውም ስቆ ይነሣላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ እንደ ሁልጊዜው በአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ቤቷ ትመጣለች። ከዳገቱ ግርጌ ጀምሮ ከተሳቢ ኋላ ሲንፏቀቅ የቆየ አንድ ፒክአፕ ኩርባው ላይ ደርቦ ወጣ። ከፊቱ ሌላ አውቶቡስ መጣበት። ሸሸ። የሸሸው እሷ ወዳለችበት ጠርዝ ነው።

እኔ ሙዝ እየላጥኩ ነበር። የዚህ መንገድ ሰው ድምፁን ለይቶ ያውቃል፤ ቆርቆሮ ከሆነ ቆርቆሮ፣ ሰው ከሆነ ሰው። ስወጣ ኤቬሊዮ ቀድሞኝ ደርሷል። የጎማ መፍቻውን ብረት በአንድ እጁ እንደያዘ ተንበርክኮ፣ በሌላው እጁ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ይመልሳል። የአምቡላንሱ ጩኸት ከታች ይሰማል፣ ግን አይቀርብም። መኪኖቹ ወዴት ይሽሹለት? ገደል ይግቡለት ወይስ ቤታችን ይግቡ? ሲደርስ የሚነሣ አስከሬን እንጂ የሚተርፍ ሰው አልነበረም። ያንን ብረት ከወንድሜ እጅ ማስጣል የቻለ የለም። ልጁን ጭነው ሲሄዱ ይዞት ቆሟል፣ ቄሱ ሲያነጋግሩት ይዞታል። ፖሊሶቹ አስፋልቱን አጥበው ሲጨርሱ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ያስጮኽ ጀመር።

የፒክአፑ ሹፌር ለፖሊስ የሰጠው ቃል “አውቶቡሱን አላየሁትም፣ ቤቶቹ ጋረዱኝ” የሚል ነው። ዋሽቷል ብዬ ልምል ነበር። ኩርባው ላይ ሄጄ ቆምኩና እሱ ወዳየበት አየሁ። የእኔ ቤት ማዕዘንና የወንድሜ ቤት ማዕዘን ብቻ ነው የሚታየው። አልዋሸም።

5. ከቀብሩ በኋላ ጽሕፈት ቤትዎ መጣ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰባችሁን፤ አንዲት ወጣት ኢንጂነር ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራች አማራጮቹን አስረዳችን። “ዛሬ የመጣነው እናንተን ለማዳመጥ ነው” አለች። ዶሮ የምታረባው ጎረቤቴ ዶኛ ሱላይ ከኋላ ሆና፣ “ስታዳምጡን ነው የኖራችሁት፤ ጆሯችሁ እስካሁን አልደከመም?” አለቻት። ሰው ሳቀ። ሳቁ ብዙም አልቆየም።

የቀረቡት አማራጮች አራት ነበሩ። ክቡርነትዎ ከጥናቱ ያውቋቸዋል፤ እኛ እንዴት እንዳየናቸው ግን በጥናቱ ውስጥ ስላልተጻፈ እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያው መንገዱን እንዳለ ትቶ ምልክት መትከል ነው። ይህ ቀደም ብሎም ተሞክሯል። “አደገኛ ኩርባ፣ ቀስ ብለው ያሽከርክሩ” የሚል ቢጫ ሰሌዳ ተክላችሁልን ነበር። በዚያው የዝናብ ወራት አንድ ተሳቢ ገጭቶ ጣለው። አሁን ዶኛ ሱላይ የዶሮዎቿን ቤት ከድናበታለች። ዶሮዎቹ በእርግጥ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።

ሁለተኛው በመንደሩ መሐል አራት መስመር ማውጣት ነው። ይህ ጸሎት ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን አጥርና በሁለቱም ወገን ያለውን ቤት ሁሉ ይበላል። ከላ ቡዌልታ የሚተርፈው ስሟ ብቻ ነው። የሚተርፈውም ሰው ቢሆን ሁለቱን መስመር መሻገር ያቃተው አራቱን እንዴት ይሻገራል? ይህን የደገፈ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልደግፈውም።

ሦስተኛው ከኮረብታው ጀርባ ዞሮ የሚሄድ አዲስ መንገድ ነው። በሥዕሉ ላይ ከሁሉም ያምራል፤ የማንንም ቤት አይነካም። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ “ይህ ይሁን” አለ። አልፈርድባቸውም። ትንሽ ጥገና ከተቀበልን ትልቁ ይቀርብናል ብለው ነው የፈሩት፤ የእናንተን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ፍርሃቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ያ መንገድ የሚያልፈው የመጠጥ ውሃችን ከሚመነጭበት ረግረግ ላይና ከአናናስ እርሻው መሬት ላይ ነው። “መቼ ያልቃል?” ብዬ ስጠይቅ ኢንጂነሯ እውነቱን ነገረችኝ፤ ፈቃዱ አለ፣ የመሬት ክርክሩ አለ፣ ፍርድ ቤቱ አለ፣ በጀቱ አለ። ያ ሁሉ እስኪያልቅ ዛሬ የሚወለድ ሕፃን መንጃ ፈቃድ ያወጣል። እስከዚያ ድረስ አሮጌውን ኩርባ የሚነካው የለም። ካለቀም በኋላ አውቶቡሱ የሚመጣው በእኛው በኩል ነው፤ ከአውቶቡስ የሚወርደውም ሰው የሚሄደው በዚያው ጠርዝ ነው።

አራተኛው ኩርባውን ከውስጥ በኩል ቆርጦ ማቅናት፣ ከባዶቹ ጥጋቸውን ይዘው እንዲወጡ በዳገቱ ላይ ሦስተኛ መስመር መጨመር፣ የእግረኛ መንገድ ማውጣትና የአውቶቡስ ማቆሚያውን ከአስፋልቱ ወደ ውጭ ማራቅ ነው። ይህ የሚወስደው የእኔን ቤት፣ የወንድሜን ቤትና ባለቤቱ ዋና ከተማ የሚኖር አንድ መጋዘን ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ካሳውን ለመቀበል ከተስማማ ቆይቷል።

6. ኤቬሊዮ በዚያ ስብሰባ ከልጁ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ሲናገር ሰማሁት።

“ቤቴን አልሰጥም” አለ። “ልጄን ወስዳችኋል። አሁን ደግሞ ክፍሏን ልትወስዱ ነው?”

ኢንጂነሯ ደንገጥ ብላ፣ “ዶን ኤቬሊዮ፣ ለቤቱ ካሳ አለው” አለችው።

“የቱ ነው ካሳው? የክፍሉ ነው የልጅቷ?”

እኔ ያን ጊዜ ተነሣሁ። ባልነሣ ኖሮ ዛሬም ወንድም ይኖረኝ ነበር። “የእኔን ቤት ውሰዱ” አልኩ። “አራተኛውን አማራጭ እደግፋለሁ። ፊርማዬን አሁኑኑ እሰጣለሁ።”

ኤቬሊዮ ዞሮ አየኝ። “ማን ጠየቀሽ?”

“ማንም።”

“እንግዲያውስ ቁጭ በይ።”

“አልቀመጥም፣ ኤቬሊዮ። ነገ የሌላ ሰው ልጅ ናት።”

“የሌላ ሰው ልጅ” አለና ደገመው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ “ይቺ ሴት ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤት ናት። ሌላ ዝምድና የለንም” ብሎ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ሰዎች ምግብ ቤቴን እያለፉ ዳገቱን ወርደው መብላት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ደጄ ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተደፍቶ አገኘሁ። ዶኛ ሱላይ እንቁላል ልታመጣልኝ መጥታ፣ ከደጅ ሳትገባ፣ “እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ሰጡሽ?” አለችኝ። ምንም አልሰጡኝም አልኳት። “እንግዲያው ከነገሩኝ በላይ ሞኝ ነሽ” ብላ እንቁላሉን ይዛ ተመለሰች።

7. ይህ ሁሉ ከደረሰብኝ በኋላ የጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔ መጣ። “በነዋሪው መካከል ስምምነት ላይ ባለመደረሱ፣ ተጨማሪ አማራጮች ተጠንተው እስኪቀርቡ ድረስ አሁን ያለው ሁኔታ ይቀጥላል” ይላል።

ክቡር ኢንጂነር፣ ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈውን ሰው አላውቀውም፤ ባውቀው ግን ምግቤን አላበላውም። እኛ ያልተስማማነው ስለ ቤታችን ነው። ኩርባው ሰው እንደሚበላ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተከራከረ አንድም ሰው አልነበረም። ወንድምና እህትን በሕዝብ ፊት አጣላችሁ፤ ጠባችንን ደግሞ ሥራ ላለመሥራት ምክንያት አድርጋችሁ በማኅተም አጸደቃችሁት። “አሁን ያለው ሁኔታ” የምትሉትም እኔ ከደጄ አፋፍሼ የማነሣውን ስብርባሪ መስታወት ነው።

8. አሁን ወደተከሰስኩበት ጉዳይ እመጣለሁ።

በያዝነው ዓመት የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል፣ የተማሪዎች አውቶቡስና አንድ የአናናስ ተሳቢ ልክ በቤቴ ፊት አፍንጫ ለአፍንጫ ቆሙ። በመካከላቸው ጎንበስ ብሎ ለሚያልፍ ሰው እንኳ የሚበቃ ቦታ አልነበረም። ማንም አልተጎዳም። ልጆቹ በመስኮት ብቅ ብለው ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ። ሁለቱ ሹፌሮች ወርደው ተሳደቡ፣ ከዚያ ተሳሳቁ፣ ከዚያ ምግብ ቤቴ ገብተው ለስላሳ አዘዙ። የተሳቢው ሹፌር፣ “ምን ሆነሻል፣ እመቤት? አልሞትንም እኮ” አለኝ። ጠርሙሱን ሳልከፍት ይዤ በመስኮት ልጆቹን እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ኒካኖር የተባለውን ግንበኛ አስመጣሁ። ጠረጴዛዎቼን ወደ ጓሮ አወጣሁ። ከዚያ በረንዳውን፣ የፊቱን ግድግዳና ኩርባውን የሚጋርደውን ማዕዘን አስፈረስኩት። እኔም መዶሻ ይዤ አብሬ አፈረስኩ። የኤላዲዮ እጅ የለሰነው ግድግዳ ነበር። ፍርስራሹን አስጠርጌ ቦታውን ጠጠር አለበስኩት፤ እግረኛ ከአስፋልቱ ወርዶ የሚቆምበት እንዲሆን ነው። ምግብ ቤቴ አሁን ከጓሮ በኩል ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከፊት የሚመልሰው ሸራ ብቻ ነው።

ኤቬሊዮ የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ወጣ።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“ታያለህ።”

“አብደሻል። በአባታችን ቦታ ላይ አብደሻል።”

“የአባታችን ቦታ ሁለት ቦታ ነው። የእኔን ነው የማፈርሰው። ያንተን አልነካሁም።”

እዚያ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ባያደርገው ይሻለኝ ነበር። “አልነካሽም? ያንቺ ሲወድቅ ኩርባውን የሚጋርደው የእኔ ቤት ብቻ ቀረ። ከአሁን በኋላ የሚያልፈው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው። ልጁን ያስገደለ ቤት፣ አሁንም እዚያው ቆሟል ይላል። ይህን ነው የሠራሽልኝ።”

ኒካኖር ጣልቃ ገብቶ፣ “ዶን ኤቬሊዮ፣ እኔ የቀን ሥራዬን ነው” ቢለው፣ “አንተ ሥራህን ሥራ” ብሎት ገባ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከታች የሚወጣው ሹፌር ከላይ የሚመጣውን ቀደም ብሎ ያየዋል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግማሹን አሁንም የወንድሜ ቤት ይጋርደዋል። ሆኖም ደርበው ሊወጡ ጀምረው፣ አይተው፣ ወደ መስመራቸው የሚመለሱትን በዓይኔ እያየሁ ነው። ካፈረስኩት ወዲህ ኩርባው ላይ ሰው አልሞተም። ነገም አይሞትም ብዬ አልፈርምም። ጽሕፈት ቤትዎ ባጠናው ዘመን ሁሉ ካደረገው ግን አንድ መዶሻ በሳምንት ውስጥ ያደረገው ይበልጣል፤ ይህን እፈርማለሁ።

9. ትእዛዙ “በደረሰን ጥቆማ መሠረት” ይላል። ጠቋሚውን እንድትነግሩኝ አልጠይቅም። ደብዳቤው በደረሰኝ ዕለት ወደ ወንድሜ ደጅ ሄጄ፣ “አንተ ነህ?” አልኩት።

“እኔ ነኝ” አለ። ዓይኑን እንኳ አልሰበረም።

“ለምን?”

ጎማ ውስጥ አየር እየነፋ ነበር። አቆመው። “መልሰሽ ሥሪው። በረንዳሽን መልሰሽ ሥሪና ቁጭ በይበት። እሷ በነበረችበት ጊዜ እንደነበረው ይሁን።” ከዚያ መንፊያውን መልሶ አስነሣው፤ ብናገርም እንዳይሰማኝ ነው።

ይህን የጻፍኩት እንድትቀጡት አይደለም። እናንተ ስለ እኔ ክስ ሲደርሳችሁ ባሳያችሁት ፍጥነት ተደንቄ ነው። ስለ ልጁ ሞት ባመለከተ ጊዜ መልሱን እስከ ዛሬ እየጠበቀ ነው። ስለ እህቱ በረንዳ ባመለከተ ጊዜ ግን ሰው በሞተር ሳይክል ላካችሁለት።

ከትናንት በስቲያ ከባድ ዝናብ ነበር። የመንገዱ ሰልፍ ቆሟል፣ ደንበኛም የለኝም። ሸራውን ላጠብቅ ስወጣ ኤቬሊዮ በረንዳዬ በነበረበት ጠጠር ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ያለ ጃንጥላ ቆሟል። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ነው የሚያየው። ልጠራው አሰብኩ፣ ተውኩት። በመጨረሻ ሳይዞር፣ “ከዚህ ይታያል” አለ።

“ይታያል” አልኩት።

“ከእኔ ደጅ አይታይም።”

“አይታይም።”

ገብቶ በሩን ዘጋ። እስከ ዛሬ አላናገረኝም፤ እኔም አላናገርኩትም።

10. ስለዚህ የሚከተለውን እጠይቃለሁ።

የተሰጠኝ የግንባታ ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ ይነሣልኝ። ከተነሣ በኋላም “በይቅርታ ታልፏል” የሚል ቃል እንዳይጻፍበት እጠይቃለሁ፤ ይቅርታ አልጠየቅኩም።

አራተኛው አማራጭ ይመረጥ። በመጪው በጋ ሥራው ከኩርባው ይጀመር። የእግረኛው መንገድ “በሁለተኛው ምዕራፍ” ተብሎ ወደ ኋላ እንዳይገፋ፤ ሁለተኛውን ምዕራፍ ስትጀምሩ ያየ ሰው በሸለቆው ውስጥ የለም። ከኮረብታው ጀርባ ያለውን መንገድ ማጥናት ከፈለጋችሁ አጥኑ፣ ጎረቤቶቼም ደስ ይላቸዋል። ስታጠኑ ግን እኛ አንሙት።

ስለ ወንድሜ ቤት። ፖሊስ፣ ጠበቃ ወይም አድራሽ እንዳይላክበት። ክቡርነትዎ ራስዎ መጥተው፣ ደጁ ላይ ባለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ያነጋግሩት። ይሰድብዎታል፤ ይስሙት። ቤቱ የእንጨት ነው፤ ሳንቃው በጥንቃቄ ከተነቀለ ሳይሰበር ይነሣል። ከጸሎት ቤቱ በላይ ያለው የመንደሩ ባዶ ቦታ ይሰጠውና የዮርሌኒ ክፍል መስኮቷ፣ በሯ፣ ቀለሟ ሳይለወጥ እዚያ ይተከልለት። ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም። ከእኔ አፍ ከሰማው እምቢ ይላል፤ ከእርስዎ ይስማው። የእኔ ሐሳብ መሆኑንም አይንገሩት።

ለራሴ ቤት የሚገባኝን ካሳ ሕጉ እንዳለ እቀበላለሁ፤ በዚህ አልከራከርም።

11. ትእዛዙን የማታነሡ ከሆነ ደግሞ አቋሜን አስቀድሜ ላሳውቅ። ግድግዳውን እኔ አልገነባውም። ኒካኖርንም ጠይቄዋለሁ፣ በዚያ ቦታ ለማፍረስ እንጂ ለመገንባት አልቆምም ብሏል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ የራሱን ግንበኛ ይላክ። ግንበኛው ሥራውን የሚሠራው ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርጎ ነው፤ ሌላ መቆሚያ የለም። ተሳቢዎቹም ሥራው እስኪያልቅ አይቆሙለትም። ከኋላው ሆኖ የሚመጣውን የሚያይለት አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ክቡርነትዎ ራስዎ እንዲሆኑ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከተረፈኝ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ኤርሚንያ ባዲያ ኬሳዳ
ላ ቡዌልታ፣ በኩርባው ላይ፣ ግንባር የሌለው ቤት

ግልባጭ፦
ለላ ቡዌልታ የመንደር ልማት ማኅበር
ለአቶ ኤቬሊዮ ባዲያ ኬሳዳ (ከተራ ቁጥር 10 ሦስተኛው ጥያቄ በስተቀር)